ማሽኔን ከጫማዬ ጋር ወደ ቤት አትላኩት

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የራሱን የሲፓፕ ማሽን (ሲተኙ በማስክ አየር የሚነፋ) ይዞ ለቀዶ ሕክምና የሚተኛ ሕመምተኛን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

የ56 ዓመት ሰው ነኝ። ሐሞት ከረጢቴ ውስጥ ጠጠር ተገኝቶ በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኛል። ቀዶ ሕክምናው ያለ እንከን ነው ያለቀው፤ ሐኪሞቹን እግዜር ይስጣቸው። የምጽፍላችሁ ከዚያ በኋላ ስለመጣችው ሌሊት ነው።

አስቀድሜ ስለ ማሽኑ ልንገራችሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንኮራፍቻለሁ። ቤተሰቡ መሳቂያ አድርጎት ነበር፤ «እሱ ያደረበት ቤት ወፍጮ ቤት ነው» ይሉኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሜሪላንድ ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ስሄድ እሷ ግን አልሳቀችም። ማንኮራፋቱ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ጸጥታ ይሆናል፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው እባንናለሁ። ይህንን በስልኳ ቀድታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ስመረመር ትንፋሼ በሰዓት 41 ጊዜ ይቋረጣል ወይም ይቀንሳል። በሽታው በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ ነው፤ ከ30 ካለፈ ከባድ ይሉታል።

ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። እንደኔ ያለው ሰው ላይ ከመላላት አልፎ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ሲፓፕ በማስክ በኩል ያለማቋረጥ አየር ይነፋል፤ ግፊቱም መንገዱን ከፍቶ ይይዘዋል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ አውስትራሊያዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ይፋ ያደረጉት ዘዴ ነው። እኔ ማሽኑ ከታዘዘልኝ ወዲህ፣ እስከዚያች የሆስፒታል ሌሊት ድረስ፣ ያለ እሱ ተኝቼ አላውቅም ነበር።

ወደ ሆስፒታሉም ይዤው ሄድኩ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ብዙ ተጠየቅሁ። አለርጂ አለብዎት? ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ? ምግብ የቀመሱት መቼ ነው? ሌሊት እንዴት እንደምተኛ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ለሰመመን ባለሙያው ራሴ ነገርኩት። «ጥሩ፣ ማሽኑ አብሮዎት ይሁን» አለኝ። ቃሉ ግን በወረቀት አልሰፈረም። ዋርድ ያለችው ሲስተር ሻንጣውን ከፍታ አየችና «ጋሼ፣ ሲፓፕ እኮ የሕፃናት ነው» አለችኝ። አልፈርድባትም። እሷ የምታውቀው ሲፓፕ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያለው፣ በውሃ ውስጥ አረፋ የሚያወጣው ነው። የትልቅ ሰው አይታ አታውቅም። ደግሞ ዕቃው ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? ስለዚህ ሰዓቴ፣ ቀለበቴ፣ ጫማዬና ማሽኔ በአንድ ፌስታል ሆነው ከወንድሜ ጋር ወደ ቤት ሄዱ።

የዚያን ሌሊት ታሪክ ከባለቤቴ ነው የሰማሁት። እኔማ የት ነበርኩና! ለሕመሙ ፔቲዲን ተወግቻለሁ። እንዲህ ያለው ማስታገሻ እንቅልፉን ያከብደዋል። አንጎል «ተንፍስ፣ ንቃ» የሚልበትንም ጥሪ ያዳክመዋል። የዕለቱ ቁስል ስላለ በጀርባ መተኛት ነው፤ ምላስ ወደ ኋላ ይወርዳል። አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከመነሻው ስስ ነው። እንግዲህ ማሽኑ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገኝ በዚያች ሌሊት ነበር። እሱ ግን ሳሎን ሶፋ ላይ አድሯል።

ኦክስጅን አድርገውልኝ ነበር። ደግ አድርገዋል። ግን ኦክስጅን የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። እንዲያውም ትንፋሹ ተቋርጦ የሚቆይበትን ጊዜ ሊያረዝመው ይችላል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም ቁጥሩን ደህና አድርጎ እያሳየ ችግሩን ሊሸፍነው ይችላል። እሱንም ቢሆን ለሌላ በሽተኛ ስለተፈለገ እኩለ ሌሊት ላይ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ መለኪያዬ ባለቤቴ ሆነች። ጸጥ ስል ትከሻዬን ትነቀንቃለች፤ «ተንፍስ እንጂ!» ትለኛለች። እስኪነጋ እንዲህ አደረች። አስታማሚ የሌለው ሰውስ?

በማግስቱ ጠዋት ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ነገሩን ሰምቶ ተቆጣ። ማሽኑ መጣ። ሁለተኛውን ሌሊት ያቺው ሲስተር ራሷ ማስኩን አስተካክላ አሰረችልኝ። ስፒናው ሶኬቱ ውስጥ አልቆም ብሎ በኤክስቴንሽን ቀጠልነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ያ ሶኬት ግን የጄኔሬተሩ መስመር ላይ አልነበረም። ማሽኑ ከቆመ በማስኩ በቂ አየር አይገባም፤ ባንኜ ማስኩን በራሴ እጅ አወለቅሁት። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ፣ ከነፔቲዲኑ፣ ቢሆን ኖሮ የማወልቀው አይመስለኝም። ይህን የምለው ማሽኑን መፍቀድ ብቻውን እንደማይበቃ እንድታዩልኝ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጎኔ የተኙት አዛውንት አስም ነበረባቸው። ልጃቸው መጥቶ «ጋሼ፣ ለእኛም በሽተኛ ትንሽ ቢያደርጉላቸው» አለኝ። አንጀቴን በላው። ግን ግፊቱ ለእኔ ጉሮሮ ተለክቶ የታዘዘ ነው፤ ማስኩም የእኔን ትንፋሽ የጠጣ ነው። እምቢ ስለው ንፉግ መሰልኩ። ይህን ማስረዳት የእኔ ሥራ ነበር?

አሁን ወደምጠይቃችሁ ልምጣ። ሚኒስቴሩ ሳልትስ ብሎ የቀዶ ሕክምናን ደህንነት ለማሻሻል ፕሮግራም ዘርግቶ እንደሠራ አውቃለሁ። በዚያ ላይ አንድ ገጽ ጨምሩበት። አዲስ ጥናት አያስፈልገውም። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባደሰው መመሪያ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሲፓፕ ይጠቀም የነበረ ሰው፣ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ካልከለከለው በቀር፣ ከዚያም በኋላ ይቀጥል ይላል። «ካልከለከለው» የሚለው ተገቢ ነው። አፍንጫው ወይም የምግብ ቧንቧው ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ላይ አየር መንፋት የሚቻለው ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው። ያ የሐኪም ውሳኔ ይሁን። የእኔ ጉዳይ የተወሰነው ግን ዕቃ መረከቢያ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ጥያቄው ይምጣ። ካናዳ ውስጥ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ ይህ በሽታ ሊኖርበት የሚችለውን ሰው የሚጠቁም ስምንት ጥያቄ ያለው መለያ አለ፤ ስቶፕ-ባንግ ይባላል። ያንኮራፋሉ? ቀን ይደክምዎታል? ትንፋሽዎ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ? ደም ግፊት አለብዎት? ከዚያ ክብደት፣ ዕድሜ፣ የአንገት ውፍረትና ፆታ። የሚፈልገው ሚዛንና የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። እንዲህ ብትጠይቁ ማሽን ያለንን ጥቂቶች ብቻ አታገኙም። በሽታው እንዳለበት እንኳ የማያውቀውን፣ ቤተሰቡ የሚስቅበትን ሰውም ታገኛላችሁ። እሱ ላይ ማስታገሻው በጥንቃቄ ይሰጣል፣ ራስጌው ከፍ ይላል፣ መለኪያውም ከጣቱ ላይ አይነሣም።

ማሽን ያለው ሰው ደግሞ ካርዱ ላይ በጉልህ ይጻፍለት። ማሽኑ ከእሱ ጋር ሪከቨሪ፣ ከሰመመን የሚነቁበት ክፍል ድረስ፣ ይግባ። የሆስፒታሉ ባዮሜዲካል ባለሙያ ገመዱን፣ ስፒናውንና ውስጡን ይይለት። ይህ የይስሙላ ፍተሻ አይደለም። ብዙዎቻችን ማሽኑን የምናገኘው በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ያገለገለም ይሆናል። አምራቹ ፊሊፕስ የድምፅ ማፈኛ ስፖንጁ ሊፈረፍር ይችላል ብሎ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖችን እንዲመለሱ ጠርቷል። ከእነዚያ አንዱ አዲስ አበባ አልገባም የሚል ሰው ካለ የቦሌን ሻንጣ አያውቅም። ስለ መጥፋቱ ባለቤቱ ይፈርም፤ እኔ በደስታ እፈርማለሁ። ሶኬቱ ግን ጄኔሬተር ያለበት ይሁን፤ ሌሊት ተረኛዋም መብራት ከጠፋ መጀመሪያ ማስኩን ማንሣት እንዳለባት ትወቅ።

ማሽኑ አሁን ራስጌዬ ነው ያለው። የሚያየው ባለሙያ ካላችሁ ይዤው እመጣለሁ፤ ኤክስቴንሽኑንም ጭምር።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ታካሚ

ግልባጭ፦
ለተኛሁበት ሆስፒታል
«ተንፍስ» እያለች ላደረችው ባለቤቴ