ፓፉን ትቶ ዚንክ መዋጥ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አስም ያለባቸው ሰዎች ፋርማሲ ገብተው «ብግነት (የአየር ቧንቧ መቆጣትና ማበጥ) ያጠፋል» የተባለ፣ ዚንክና ሴሊኒየም የሚባሉ ማዕድናት ያሉበት ክኒን ይጠይቃሉ። ክኒኑን መጠየቃቸው ባልከፋ፤ የሚያሳስበው አንዳንዶቹ የመከላከያውን ፓፍ (ቤክሎሜታዞን) ትተው መሆኑ ነው።

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። ሰውነት በብግነት ጊዜ የሚፈጠሩ ጎጂ ነገሮችን የሚያከሽፍበት አንዱ ኢንዛይም ያለ ሴሊኒየም አይሠራም። የጎጃም ደጋ አፈር ደግሞ፣ በተለይ አዊ አካባቢ፣ አሲዳማነት ያጠቃዋል፤ በአሲዳማ አፈር ሴሊኒየሙ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር እህሉ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው። ዚንክን ደግሞ ፋይቴት የሚባል እህሉ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። በደንብ የቦካ እንጀራ ከቂጣ የሚሻለው እርሾው ፋይቴቱን ስለሚሰባብረው ነው።

ይሁንና የጎደለን መሙላት አንድ ነገር ነው፣ አስምን ማከም ሌላ። በእንግሊዝ 197 አስም ያለባቸው አዋቂዎች ከፊሎቹ በቀን 100 ማይክሮግራም ሴሊኒየም፣ የቀሩት መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ለ24 ሳምንት ወስደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ውጤት ሴሊኒየሙ ይህ ነው የሚባል ጥቅም እንዳልሰጣቸው ያሳያል። «ደሜ ሲመረመር ዚንኬ ዝቅ ብሏል» የሚልም አለ። ብግነት ሲኖር ጉበት ዚንኩን ከደም ስለሚስብ፣ በሕመም ሰሞን የተለካ ቁጥር ብቻውን እጥረት መኖሩን አያረጋግጥም።

መጠኑም ይታሰብበት። 20 ሚሊግራሙ የዚንክ ፍሬ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ከ10 እስከ 14 ቀን የሚሰጥ ነው። አዋቂ ሴት በቀን 8፣ ወንድ 11 ሚሊግራም ይበቃቸዋል፤ ጣሪያው ምግቡን ጨምሮ 40 ነው። በቀን ሁለት ፍሬ ለወራት የሚውጥ ሰው ከጣሪያው ያልፋል፤ ያኔ መዳብ ይጎድለውና ደም ማነስ፣ ብሎም የእግር መደንዘዝ ሊከተል ይችላል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ የታዘዘለት ዚንኩን አብሮ ከዋጠ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም አይገባም። የሴሊኒየም ጣሪያ 400 ማይክሮግራም ነው፤ ሲያልፍ ፀጉር ይረግፋል፣ ጥፍር ይሰባበራል፣ ትንፋሽ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ሌላው ማዕድን ማግኒዥየምም ቢሆን ሆስፒታል ለከባድ አስም የሚሰጠው 2 ግራም በደም ሥር፣ በ20 ደቂቃ ነው፤ የክኒኑ ነገር ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ሰው መከላከያውን የሚተወው በአብዛኛው ጥቅሙ ቶሎ ስለማይሰማው ነው። ማስታገሻው ፓፍ (ሳልቡታሞል) በደቂቃዎች ውስጥ ደረትን ይከፍታል፣ የአየር ቧንቧውን ብግነት ግን አይነካም፤ ብግነቱን የሚያበርደው ቤክሎሜታዞን ነው፣ እሱም ሳምንታት ይፈልጋል። ሌላው ችግር አነፋፉ ነው፦ ጉሮሮ ላይ የቀረ መድኃኒት ሳንባ አይደርስም። ስፔሰር (ፓፉ ላይ ተሰክቶ መድኃኒቱ ወደ ሳንባ እንዲደርስ የሚረዳ ባዶ ዕቃ) ከሌለ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ቂጡን በጋለ ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ ቀዶ ፓፉን መሰካትና ዙሪያውን በፕላስተር ማሸግ ነው። አስቀድሞ በሳሙና ውኃ ይታጠብ፣ ሳይወለወል ይድረቅ፤ አለዚያ ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ራሱ ይስባል። ፓፉን ነቅንቆ፣ ትንፋሽን አስወጥቶ፣ አንዴ ብቻ ተጭኖ በዝግታ መሳብ፣ ከዚያ 10 ሰከንድ መያዝ። ሁለተኛው ለብቻው ይነፋል። በመጨረሻ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት ነው፣ ምላስ ላይ ነጭ ፈንገስ እንዳይወጣ።

ጋዜጣችሁ ስለ እነዚህ ክኒኖች ሲያወጣ በአንዱ ፍሬ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ አብሮ ቢጽፍ አንባቢው ከሌላው ክኒኑ ጋር ደምሮ ማስላት ይችላል።

የመድኃኒት ባለሙያዎች
ከደብረ ማርቆስ