የሥነ ጥበብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከጥቁር ቀለም ጋር የቆየንበት ዓመት

ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን ሥራውን ሲጀምር በእጁ የነበረው አንድ ጋሎን ጥቁር የዘይት ቀለምና ካለፈው ዓመት የተረፉ የግድግዳ ብሩሾች ብቻ ነበሩ። ስለዚህም የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት በአብዛኛው በጥቁር ቀለም ለሠሩት ለፈረንሳዊው አብስትራክት (የነገሮችን መልክ ሳይከተል በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚሠራ) ሠዓሊ ለፒየር ሱላዥ ሕይወትና ሥራ አዋልነው፤ ሌሎቹ ቀለሞች ከተገዙ በኋላም ከእርሳቸው አልተለየንም።

ሱላዥ እ.ኤ.አ. በ1919 በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሮዴዝ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው በነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ቀለም ሲቀቡ ምን እየሠሩ እንደሆነ ቢጠየቁ «በረዶ» ብለው መመለሳቸው ይነገራል፤ ጥቁሩ ወረቀቱን ይበልጥ ያነጣው ነበርና። የክበቡን አባላት አብልጦ የነካው ግን ሠዓሊ ለመሆን የቆረጡት ከትምህርት ቤት ለጉብኝት ወደ ኮንክ ገዳም ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ጊዜ መሆኑ ነው። መምህር ነኝና ይህን ባነበብኩ ቁጥር ስለ አንድ የትምህርት ጉብኝት ዋጋ አስባለሁ። ሱላዥ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ ከ1987 እስከ 1994፣ የዚያኑ ቤተ ክርስቲያን 104 መስኮቶች ሠርተዋል፤ ብርሃን የሚያስገባ ነገር ግን ውጭውን የማያሳይ ቀለም አልባ መስታወት እስኪያገኙም ብዙ ሞክረዋል።

በ1938 ፓሪስ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተቀባይነት ቢያገኙም ትምህርቱ ስላልጣማቸው ወደ ሮዴዝ ተመለሱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አናጢዎች እንጨት በሚያቀልሙበት፣ ዎልነት ከሚባል ጠንካራ ቅርፊት ያለው ፍሬ ልጣጭ በሚሠራ ቀለም፣ በቤት ቀቢ ብሩሽ፣ አልፎ አልፎም በመስታወት ላይ በሬንጅ ሠሩ።

ረጅሙ ውይይታችን ግን በ1979 ስለመጣው ለውጥ ነበር። ሱላዥ ከአንድ ሸራ ጋር ለሰዓታት ሲታገሉ ቆይተው፣ ጥቁሩ ሸራውን ሙሉ በሙሉ ከሸፈነው በኋላ፣ ዓይናቸው ያረፈው በጥቁሩ ላይ ሳይሆን ከጥቁሩ ገጽ በሚንጸባረቀው ብርሃን ላይ መሆኑን ተረዱ። ይህን አሠራር በኋላ «ኡትርኗር»፣ ማለትም ከጥቁር ባሻገር፣ አሉት። በቃል ብቻ ላስረዳው ስላልቻልኩ ካርቶን እየቀባን ሞከርነው። የመጀመሪያዎቹን ከመጠን በላይ አወፍረናቸው ላያቸው ደርቆ ውስጣቸው እርጥብ ሆኖ ቀረ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ቀለሙ ሳይደርቅ ጥርሱ በረገፈ ማበጠሪያ ከላይ እስከ ታች ሰነጣጥቃ ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ስታዞረው መስመሮቹ እንደ ብር አበሩ፤ ሁላችንም ጸጥ አልን።

ሱላዥ በ2022፣ በ102 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በስማቸው የተሰየመው ሙዚየም በሮዴዝ የተከፈተው በ2014፣ በሕይወት ሳሉ ነው። የእኛዎቹን ካርቶኖች በወላጆች ቀን በቤተ መጻሕፍቱ ምሥራቃዊ መስኮት አጠገብ ሰቅለናል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ማየት ይመረጣል።