ለአውስትራሊያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ፦ 35ቱ ቀናት ከመቼ ይቆጠሩ?

ክቡርነትዎ፣

የጥበቃ ቪዛ (ለስደተኞች የሚሰጠውን ቪዛ) የተከለከሉ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚደርሳቸውን የውሳኔ ደብዳቤ እያነበብኩ በማስረዳት አግዛለሁ። ይህን የምጽፍልዎ የማን ጥያቄ መጽደቅ እንደነበረበት ለመሟገት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው የማይግሬሽን ሕግ አንቀጽ 477 ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ የተሰጠው የ35 ቀን ጊዜ አቆጣጠር እንዲስተካከል ለመጠየቅ ነው።

ቪዛውን የሚወስነው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥያቄውን ውድቅ ሲያደርግ፣ ውሳኔውን እንደገና ወደሚያየው የአስተዳደር ክለሳ ትሪቡናል የሚኬድበት ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ውሳኔው ለአመልካቹ ከተገለጸለት በኋላ ነው። ትሪቡናሉም ካልተቀበለው ግን፣ ወደ ፌዴራል ሰርኪዩትና የቤተሰብ ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው የትሪቡናሉ የጽሑፍ ውሳኔ ከያዘው ቀን አንሥቶ ነው። ውሳኔው አመልካቹ እጅ የገባው ዘግይቶ ቢሆን እንኳ ቆጠራው አይጠብቀውም። ጉዳዩ ይበልጥ በሚከብድበት ደረጃ አቆጣጠሩ ለምን ይበልጥ ጥብቅ እንደሚሆን ምክንያቱ አይታየኝም።

የሚከብደውም ሥራው ስለሚለወጥ ነው። ፍርድ ቤቱ ሰውየው ስደተኛ መሆን አለመሆኑን እንደገና አይመረምርም፤ የሚመረምረው ትሪቡናሉ ከሥልጣኑ ወሰን የሚያስወጣ የሕግ ስህተት መሥራት አለመሥራቱን፣ ለምሳሌ ከቀረቡለት የስጋት ምክንያቶች አንዱን ሳያየው ማለፉን ወይም አመልካቹን በአግባቡ ሳይሰማ መወሰኑን ነው። ስህተት ቢገኝም ጉዳዩ ወደ ትሪቡናሉ ይመለሳል እንጂ ቪዛ አይሰጥም። ይህን ያላወቀ ሰው፣ ጠበቃም ከሌለው፣ በማመልከቻው ላይ የሚጽፈው በአገሩ የደረሰበትን ነው። እውነቱን ይጽፋል፤ ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ረጅም ውሳኔ የሚያስረዳውና ስህተቱን ለይቶ የሚያሳየው ሰው እስኪያገኝ ቀኖቹ ይነጉዳሉ። ከተረታም ተከራካሪው የሆነውን የኢሚግሬሽን ሚኒስትር የክርክር ወጪ እንዲከፍል ሊታዘዝ እንደሚችል ሲሰማ፣ የሚያማክረው አጥቶ ከነጭራሹ የሚተወው አለ። አንቀጽ 48ሀ ደግሞ አገሪቱ ውስጥ ሆኖ ሁለተኛ የጥበቃ ቪዛ ማመልከቻ እንዳያቀርብ በመርህ ደረጃ ስለሚከለክለው፣ ያመለጠውን በሌላ በር አይመልሰውም።

ዳኛው ለፍትሕ አስተዳደር አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ጊዜውን ማራዘም እንደሚችል አውቃለሁ። የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የሆነው ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 እርሱ ዘንድ ለሚቀርቡ አቤቱታዎች ተጥሎ የነበረውን የማይላወስ የጊዜ ገደብ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ከሻረ ወዲህ፣ የአገሪቱ ምክር ቤት (ፓርላማው) ይህን የማራዘም ሥልጣን መፍቀዱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ማራዘሚያውን የሚጠይቀው ያው ያረፈደው ሰው ነው፤ ለምን እንደዘገየና ክርክሩም ፍሬ እንዳለው በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ዳኛው ከከለከለው ደግሞ ሕጉ በዚያ ላይ ይግባኝ አይፈቅድም። ደብዳቤው በሰዓቱ ስላልደረሰው ብቻ ልመና ውስጥ መግባት አልነበረበትም።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ አንቀጽ 477 ተሻሽሎ 35ቱ ቀናት ውሳኔው ለአመልካቹ ከተገለጸለት ዕለት እንዲቆጠሩ ለምክር ቤቱ ሐሳብ እንዲያቀርብ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሕግ ማሻሻል ጊዜ የሚወስድ ከሆነም፣ ከእያንዳንዱ የትሪቡናል ውሳኔ ጋር በአመልካቹ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ እንዲያያዝ ይደረግ። በገጹ ላይ የመጨረሻው ቀን በቁጥር ይጻፍ፤ ፍርድ ቤቱ የሚመለከተውና የማይመለከተው፣ ነፃ የሕግ ምክር የሚገኝበትም ቦታ ይገለጽ። ትሪቡናሉ ለችሎቱ አስተርጓሚ ሲመድብ የአመልካቹን ቋንቋ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም።

ከአክብሮት ጋር