አባባ፣ «አልፈልግም» ይበሏቸው

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን ብርዱ እንዴት አደረገው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «በስልክ የምትነግሪኝ ገና ሳልዘጋው ይጠፋብኛል፣ ጽፈሽ ላኪልኝ» ባሉኝ መሠረት ይኸው ጻፍኩልዎ። መነጽርዎን አድርገው ረጋ ብለው ያንብቡት።

ከክሬዲት ዩኒየንዎ (ከቁጠባና ብድር ማኅበርዎ) የመጣልዎትንና የላኩልኝን የሂሳብ መግለጫ ፎቶ አሳድጌ አየሁት። ቼኪንግ በሚሉት የዕለት መክፈያ ሂሳብዎ ላይ 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ሳለ ለቡና በካርድ 4 ዶላር ከ75 ሳንቲም ከፈሉ። ካርዱ እሺ አለ። ከሥሩ ባለው መስመር ግን «ኮርተሲ ፔይ» ይልና 30 ዶላር ተቀንሷል፤ ሂሳብዎ ሲጎድል እነሱ ሞልተው ለዚያ የሚያስከፍሉት ነው። በማግስቱ ፋርማሲ 6 ዶላር፣ ከሥሩ ሌላ 30 ዶላር። በጠቅላላ የጎደለው 7 ዶላር ከ55 ሳንቲም ነበር፤ ለእሱ 60 ዶላር ተወሰደብዎ። የድሮ ሰፈራችን ባለሱቅ ለዱቤ እንዲህ ቢያስከፍል ኖሮ ማን ደጁን ይረግጥ ነበር?

ይህን አገልግሎት ሲያቀርቡልዎ ለምን እንደፈረሙላቸው ይገባኛል። ሀገር ቤት ደረቅ ቼክ የጻፈ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያውቃሉ፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 693 ይቀጣዋል። እዚህ አሜሪካ ግን ሰው ሆን ብሎ ለማታለል ካልጻፈው በቀር፣ ባለማወቅ ሂሳቡ ቢጎድል ቼኩ ይመለሳል፣ ክፍያ ይጠየቅበታል፣ ባለገንዘቡም ገንዘቡን ያገኛል። በዚህ ያበቃል። ቡናውን የገዙት ደግሞ በቼክ ሳይሆን በካርድ ነው። ገንዘብ ከሌለ ካርዱ እዚያው ማሽኑ ላይ እምቢ ይላል፤ ክፍያም ክስም የለም። ትንሽ ያሳፍር ይሆናል፤ ግን ጓደኞችዎ ለአንድ ስኒ ቡና የሚጨክኑ ሰዎች አይደሉም።

ይህን እምቢታ መምረጥ መብትዎ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ደንብ አለ፤ ባንክም ሆነ ክሬዲት ዩኒየን፣ አባሉ አስቀድሞ «እፈልጋለሁ» ካላለ በቀር፣ በኤቲኤም ለሚወጣና በካርድ አንድ ጊዜ ለሚከፈል ሂሳብ የኦቨርድራፍት፣ ማለትም የጎደለውን ሞልቶ የመክፈል፣ ክፍያ ማስከፈል አይችልም። ሂሳቡን ሲከፍቱ ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ «ካርድዎ እንዳይመለስብዎ» ብላ ያስፈረመችዎ ያንን «እፈልጋለሁ» ነው። ባሰኝዎ ቀን ሊያነሱት ይችላሉ፤ ምክንያት መስጠትም አይጠበቅብዎትም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ደንቡ ቼክንና በየወሩ ራሱ የሚቆረጠውን የመብራትና የስልክ ሂሳብ አይሸፍንም። እነዚያ ሲመጡ ገንዘብ ከሌለ ወይ ከፍለው 30 ዶላሩን ይወስዳሉ፣ ወይ መልሰው ለተመለሰበት ያስከፍላሉ። ስለዚህ «አልፈልግም» ብቻውን አይበቃም፤ ቁጠባዎን ከቼኪንጉ ጋር እንዲያያይዙልዎ ይጠይቁ። አባል ሲሆኑ የከፈቱት የቁጠባ ሂሳብ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ከተያያዘ ቼኪንጉ ሲጎድል የጎደለውን ያህል ከዚያ ይመጣል፤ የራስዎ ገንዘብ ነውና ብዙ ቦታ ነፃ ነው፣ አንዳንድ ቦታም ጥቂት ዶላር ያስከፍላሉ። የእርስዎ ዘንድ ስንት እንደሆነ ሳይጠይቁ እንዳይፈርሙ።

የብድር መስመር የሚሉትም አለ፤ ሂሳብ ሲጎድል የጎደለውን በወለድ ያበድራል። እሱ እንኳ ከኮርተሲ ፔይ በብዙ ይሻላል። የፌዴራል ፈቃድ ያለው ክሬዲት ዩኒየን በእንዲህ ያለ ብድር ላይ በዓመት ከ18 በመቶ በላይ ወለድ አያስከፍልም፤ 100 ዶላር ለ10 ቀን ቢወስዱ 50 ሳንቲም አይሞላም። ያቺ 30 ዶላር ከዚህ ጣሪያ ያመለጠችው «ወለድ» ሳይሆን «የአገልግሎት ክፍያ» ተብላ ስለምትመዘገብ ነው። ይህ እኔን ያበሳጨኛል፤ እርስዎን ግን አያበሳጭዎ፣ ለደም ግፊትዎ ጥሩ አይደለም። የብድር መስመሩ ማመልከቻ ስለሚጠይቅ ለእርስዎ ቁጠባው ይበቃል።

«ስልኩ ላይ ገንዘብ አለ ይለኝ ነበር» ያሉኝም እውነት ነው። ስልኩ የሚያሳየው የተጻፈ ቼክ አያውቅም። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ የአባላቱን ቼክ በፖስታ ሰብስበው ሲሞላላቸው ነው ባንክ የሚወስዱት፤ እርስዎ የጻፉት 40 ዶላር ሦስት ሳምንት ሂሳብዎ ላይ እንደራስዎ ገንዘብ ይታያል። ቤንዚን ሲቀዱም በተቃራኒው ነው፤ 20 ዶላር ቀድተው ማደያው 100 ወይም ከዚያ በላይ ለጊዜው ሊይዝብዎ ይችላል። ስለዚህ ቼክ በጻፉ ቁጥር እንደ ድሮው ቼክ ደብተሩ ጉርድ ላይ ይቀንሱ። የሂሳብ ሹም ለነበረ ሰው ይህን መንገር ድፍረት ነው፣ ይቅርታ።

የሶሻል ሴኩሪቲው፣ የጡረታው ገንዘብ፣ የሚገባበት ቀንም አለ። ሐምሌ ተወልደው እዚህ ሲመዘገቡ ጃንዋሪ 1 ተብለው የቀሩ እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ግማሹ የዕድሩ አባል በአንድ ቀን የተወለደ ነው! ከወሩ ከ1 እስከ 10 ባለው ቀን የተወለደ ገንዘቡ የሚገባለት በሁለተኛው ረቡዕ ስለሆነ፣ በ5ኛው ቀን የሚቆረጠውን የመብራት ሂሳብ ወደ 16ኛው አካባቢ እንዲያዞሩልዎ እኔ እደውልላቸዋለሁ።

ቡና ላይ «ክፍያው 5 ዶላር ሊሆን ነው» ያሉዎት ሰው ከባዶ አልተናገሩም። በ2024 መጨረሻ እንዲህ ያለ ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ግን ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ላላቸው ትልልቅ ተቋማት ነበር፣ ሥራ ላይ ሳይውልም በ2025 ኮንግረሱ ሻረው። እሱን አይጠብቁ።

ክሬዲት ዩኒየኑን ልልቀቅ ወይ ላሉኝ፣ አይልቀቁ። መሥሪያ ቤትዎ በነበረው ቁጠባና ብድር ማኅበር እንደነበሩት ሁሉ እዚህም አባል ነዎት፤ ሺህ ያለውም ሚሊዮን ያለውም እኩል አንድ ድምፅ አለው። ገንዘብዎም እስከ 250,000 ዶላር በፌዴራል መንግሥት ዋስትና የተጠበቀ ነው። ሰኞ ሲሄዱ በመጀመሪያ ከ60ው ዶላር እንዲመልሱልዎ ይጠይቁ፤ የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቢያንስ አንዱን ይመልሳሉ። ከዚያ የካርዱን ፈቃድ ያስነሱ፣ ቁጠባውን ያስያይዙ፣ ያደረጉትንም በወረቀት ይቀበሏቸው። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት ከባንኮኒው ላይ ይደውሉልኝ፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ አልገባም።

የዕድሩን ሰዎች ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ገንዘብ ያዡንም ቼኮቹን ባንክ ከመውሰዳቸው በፊት እንዲደውሉልዎ ይንገሯቸው።

አክባሪ ልጅዎ