ከምረቃው በኋላ ወደ እናቶቻችን ጓሮ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሐዋሳ የምረቃ ሰሞን ላይ ናት። ታናሽ እህቴም ዘንድሮ ከግብርና ኮሌጁ ትመረቃለች፤ ኮሌጁ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ሲቋቋም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ሁላችንም እንኮራበታለን፣ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

በየዓመቱ ማብቂያ ስንት ተማሪ እንደተመረቀ፣ ስንት ጥናት እንደተሠራ እንሰማለን። ጥሩ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ግን ከእንሰት ቢጀምር እላለሁ። አምና እናቴ ጓሮ አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ገባ። የመሃሉ ቅጠል ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠወለገ። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ስለሚፈጅ የጠፋብን የአንድ ክረምት ሰብል አይደለም፣ የዓመታት ልፋት ነው። በሽታው የባክቴሪያ ነው፣ የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ደግሞ ብዙ ጊዜ የራሳችን ቢላ ነው። እኛ ይህን ሳናውቅ ከጎረቤት በተዋስነው ቢላ ስንቆርጥ ከረምን! እህቴ ለእረፍት መጥታ ነው ቢላውን በእሳት ለብልቡ፣ የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩ፣ ከብት አታስገቡ ያለችን።

አንዲት ተማሪ በአንድ ሳምንት እረፍት ይህን ካደረገች፣ ተማሪዎቹ በቡድን በቡድን ሆነው በየቀበሌው ቢወጡስ? አሲዳማ አፈር በኖራ የሚታከምበትንም መንገድ አብረው ቢያሳዩ። አበል ባይኖር እንኳ እናቶች ቡና አፍልተው፣ ቆጮ አቅርበው ይቀበሏቸዋል፣ የእኔ እናት ቤት ክፍት ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ