ቦንድን ስታይ ከፊቱ ያለውን ሰው እይ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ብዙ ተጠፋፋን፤ ናፍቆቱ በርትቶብኛል። የእንግሊዛዊውን ሰላይ የጄምስ ቦንድን ፊልሞች ከሥር ጀምረህ ልታይ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኝ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

ሃያ አምስቱን በተርታ ማየት አያስፈልግህም። ዘመኑን ለማየት ከፈለግህ ዓይንህን ከተዋናዩ ላይ አንሳና አለቃው ቢሮ ውስጥ አድርግ። ሰው ሁሉ ቦንድን ሆነው ከተጫወቱት ኮነሪ ይሻላል፣ ክሬግ ይበልጣል ሲል ዋናው ነገር ያመልጠዋል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1962ቱ «ዶክተር ኖ» ፊልም ላይ ኤም የሚባሉት ሽማግሌ አለቃ የቦንድን ቤሬታ ሽጉጥ ነጥቀው ዋልተር ፒፒኬ ያስይዙታል፤ አባት ልጁን እንደሚቆጣ ነው የሚቆጡት። ሴቷ ጸሐፊ ከበሩ ውጭ ናት። ከዚያ በቀጥታ ወደ 1995ቱ ጎልደንአይ እለፍ። በአለቃው ወንበር ላይ ሴት ተቀምጣለች፤ እንግሊዝም በ1992 የአገር ውስጥ ደህንነቷን ለስቴላ ሪሚንግተን ሰጥታ ነበር። ቦንድ የቀድሞው አለቃ ኮኛክ ያስቀምጡ እንደነበር ሲያነሳ፣ እሷ ቦርቦን ውስኪ እንደምትመርጥ ነግራው ትቀዳለታለች። ቀጥላም ሴት የሚንቅ ዳይኖሰር፣ የቀዝቃዛው ጦርነት ቅሪት ትለዋለች። ከሁሉም ፊልሞች ይህን ትዕይንት አስበልጣለሁ፤ ተመልካቹ በልቡ ይዞት የመጣውን ክስ ፊልሙ ራሱ ቀድሞ ተናገረው። ደግመህ እየው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ከ1989 እስከ 1995 ፊልም ያልወጣው ሶቭየት ኅብረት ስለፈረሰች ይመስላቸዋል፤ ዋናው ምክንያት ግን የሕግ ክርክር ነበር። መጽሐፉንና ፊልሙንም አታደባልቅ። የቦንድ ደራሲ ፍሌሚንግ በ1957 ባሳተመው «ከሩሲያ የተላከ ፍቅር» ላይ ጠላቱ የሶቭየት ስለላ ነው፤ በ1963ቱ ፊልም ግን ሴራውን የሚጠነስሰው አገር የለሽ የወንጀል ድርጅት ሆነ።

የ1953ቱን «ካዚኖ ሮያል» መጽሐፉንም አንብብ። እንግሊዝ ውስጥ ሥጋ እስከ 1954 በራሽን፣ ማለትም ለየሰው በተመደበ ልክ ነበር የሚሸጠው። ቦንድ ግን ካቪያር በልቶ አቮካዶ ያስከትላል። ያን ገጽ በራሽን ካርድ ሥጋ ለሚገዛ አንባቢ እንደተጻፈ አድርገህ ካላነበብከው የምግብ ዝርዝር ብቻ ይሆንብሃል።

የ1987ቱን ፊልም ስታይ ደግሞ ቦንድ ከአፍጋን ሙጃሂዲን ጋር ተሰልፎ ሶቭየቶችን ሲወጋ ታገኘዋለህ። በ2001 አሜሪካ ላይ ከደረሰው የሽብር ጥቃትና ከአፍጋኒስታን ጦርነት በኋላ ያንን ትዕይንት እንደ ያኔው ተመልካች ማየት የሚችል የለም።

ስካይፎል (2012) ላይ አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ማኒፔኒ፣ ያቺ የአለቃው ጸሐፊ፣ መሣሪያ ይዛ በመስክ ትጀምርና መጨረሻዋ ያው የድሮው ጠረጴዛ ይሆናል። በ2021ዱ ፊልም 007 የሚለው የቦንድ መለያ ቁጥር ለጥቁር ሴት ሰላይ ሲሰጥ ግን ወደ ጠረጴዛ የመለሳት የለም። ሁለቱን በተከታታይ እያቸውና የታየህን ሳትውል ሳታድር ጻፍልኝ።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ያንተው ወዳጅ