ፓስፖርቱ ያስገባል እንጂ አያስቀጥርም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ለእረፍት ደሴ መጥቼ እናቴ ቤት ነኝ። ባለፈው እትማችሁ ላይ ከኮምቦልቻ አንድ አባት የጻፉትን ደብዳቤ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ልጃቸው አሜሪካን ለቆ ቤልጅየም፣ ብራስልስ ሊገባ ነው። "የአሜሪካ ፓስፖርት ስላለው እንደደረሰ ሥራ ይጀምራል" ብለዋል። እሱን ተማምነው የታናሽየውን የኮሌጅ ክፍያና የቤታቸውን ጣሪያ ሥራ ለመስከረም ቀጥረውታል። እናቴ "እሰየው" አለች። እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

መንገዱን ሄጄበታለሁ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ሙጋድ ነው። ቨርጂኒያ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬ፣ ነርስነት ተምሬ፣ ሠርቼበት፣ ዜግነቱንም ወስጄ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ባለቤቴን ተከትዬ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ገባሁ። ደህና ሥራ እስካገኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀብኝ። ያውም የእኔ ነገር ከብዙ ሰው የቀለለ ሆኖ ነው።

አሜሪካዊ ያለ ቪዛ ፈረንሳይም ቤልጅየምም ይገባል፣ ልክ ነው። በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ግን ያ ለጉብኝት ነው፤ ደሞዝ ተቀብሎ መሥራት አይፈቅድም። ለሥራ የረጅም ጊዜ ቪዛ ያስፈልጋል፣ እሱም የሚጠየቀው ገና አሜሪካ እያሉ ነው። የሥራ ፈቃዱን የሚያመለክተው ደግሞ ቀጣሪው ነው። እስኪ በቀጣሪው ቦታ ሆናችሁ አስቡት። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ የሆነው የፖላንዱም የፖርቱጋሉም ልጅ ያለ ምንም ፈቃድ ነገ ጠዋት ሥራ መጀመር እየቻለ፣ ለአንድ አሜሪካዊ ብሎ ወራት የሚፈጅ ወረቀት ውስጥ የሚገባው ሌላ ሰው የማይሠራለትን ነገር የሚሠራለት ከሆነ ብቻ ነው።

ሊዮን የማውቀው አንድ የሐይቅ ልጅ አለ፣ ከሜሪላንድ የመጣ። "መጀመሪያ ልግባ፣ ሥራው ሲገኝ ቪዛውን እቀይራለሁ" ብሎ ነበር። ሥራውን አገኘም። የምግብ ቤቱ ባለቤት ወዶት ነበር። ግን በጉብኝት ገብቶ እዚያው ሆኖ ወደ ሥራ መቀየር የሚባል ነገር የለም ተባለ። በ86ኛው ቀን ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ። የሁለት ዓመት ቁጠባውን በሦስት ወር ኪራይ በልቶ ነው የሄደው። አውሮፕላን ጣቢያ የሸኘሁት እኔ ነኝ፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም።

እኔ ባለቤቴ ፈረንሳዊ ዜጋ ስለሆነ የተሰጠኝ ቪዛ መሥራትም ይፈቅዳል። በገባሁ በሦስት ወር ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ማጽደቅ ብቻ ነበረብኝ። እና ሥራው ምን ያዘው? ቋንቋው። ከቋንቋው ቀጥሎ ደግሞ ዲፕሎማዬ።

ስለ ዲፕሎማው በአጭሩ ልበል፣ ደሴም ኮምቦልቻም ነርስ የሆኑ ልጆች ብዙ ስለሆኑ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የተገኘ የነርስ ዲፕሎማ ፈረንሳይ ውስጥ በቀጥታ አያሠራም። የአሜሪካም ቢሆን። የፈረንሳይ የነርስ ትምህርት ቤት መግቢያ ተወዳድሮ ማለፍ ያስፈልጋል፣ ከዚያ ነው የተማሩት ታይቶ የተወሰነው ትምህርት ሊቀነስ የሚችለው። ያንን የሰማሁ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስምንት ዓመት ሰው ያከምኩበት ሙያ ነው።

ወደ ቋንቋው ልመለስ። ገና እንደገባሁ ጉዳይ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ በአሜሪካ ልማዴ ቀጥ ብዬ ወረቀቴን ዘርግቼ ጥያቄዬን ጀመርኩ። ሴትዮዋ እጇን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ ዝም ብላ አየችኝ። ጨረስኩ። አሁንም ዝም። ከዚያ ቀስ ብላ "ቦንዡር፣ ማዳም" አለች። ያኔ ነው የገባኝ። እዚያ አገር ሱቅም ግቡ፣ ሐኪም ቤትም ግቡ፣ ሥራም ጠይቁ፣ ሰላምታ ሳይቀድም ጉዳይ አይነሳም። ወሎ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው እኮ ይህን ማንም ሊያስተምረው አይገባም! እዚህ ሰው ቤት ተገብቶ እንዴት አደራችሁ፣ ከብቱ ልጁ ደህና ነው ወይ ሳይባል ጉዳይ ይነሳል? አሜሪካ እየተጣደፍኩ ስኖር የእናቴን ወግ ረስቼው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየሳቅኩ ቦንዡር ማለት ጀመርኩ፣ የሰውም ፊት ተለወጠልኝ።

ግን በቦንዡር ሥራ አይገኝም። በገባሁበት ጊዜ መንግሥት ለአዲስ ገቢ በነፃ የሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት ነበር፣ እንደየሰው ደረጃ እስከ 600 ሰዓት ድረስ። ለእኔ 200 ሰዓት ደረሰኝ። እሱ የሚያደርሰው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው፣ ገበያ ለመግዛትና ራስን ለማስተዋወቅ ያህል። ለሥራ ቢያንስ ሁለት ደረጃ ከፍ ማለት ያስፈልጋል። ከሁሉ የከፋው ስልክ ነው። ፊት ለፊት ሲሆን የሰውየውን አፍና እጅ እያያችሁ ትገምታላችሁ፣ በስልክ ግን የምትይዙት ነገር የለም። አንድ ቀን አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ለሥራ አመልክቼ ደወሉልኝ። ሴትየዋ በፍጥነት ታወራለች፣ እኔ "ዊ፣ ዊ" እላለሁ። ቅዳሜና እሁድ ማታ ማታ መሥራት ትችያለሽ ወይ እያለች ኖሯል። እሺ ብያለሁ ማለት ነው! በኋላ የውሉን ረቂቅ ስትልክልኝ ነው ያወቅኩት። ልጄ ገና የሁለት ዓመት ነበረች። ደውዬ ይቅርታ ጠይቄ ሥራውን ተውኩት።

በዚያ ዓመት በጣም የከበደኝ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ይህን ለኮምቦልቻው አባት ብዬ ነው የምጽፈው። በየሳምንቱ እሁድ እናቴ ትደውላለች። "ሥራ ጀመርሽ?" እሷ ከሐሳብ ነው የምትጠይቀኝ፣ ከዚህ ደግሞ አክስቶቼም ጎረቤቱም እሷን ይጠይቋታል። እኔ ስልኩ ሲጠራ ሆዴ ይታመም ነበር። ሁለት ጊዜ ከባለቤቴ ተበድሬ "ደሞዝ ነው" ብዬ ልኬያለሁ። እማዬ ይህን ያወቀችው በቀደም ማታ ነው፣ አለቀሰች። "አብሽር ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት" አለችኝ።

በመጨረሻ ያዳነኝ እንግሊዝኛዬ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ለሆነ ወይም አቀላጥፈው ለሚናገሩ የማስተማር ሥራ አለ። ለልጆች ቤት ለቤት፣ ለትላልቆቹ ደግሞ በድርጅቶች በኩል ይሰጣል። ከ20 እስከ 35 ዓመት ለሆኑ አሜሪካውያን መንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የእንግሊዝኛ ረዳት አድርጎ የሚወስድበት ፕሮግራምም አለ፣ በሳምንት 12 ሰዓት፣ ለሰባት ወር። ክፍያው ትንሽ ነው፣ ግን ቪዛው በሕጋዊ መንገድ ይመጣል፣ ቋንቋውም እዚያው ይለመዳል። አሜሪካ ያሉ ወጣት ልጆቻችን ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል። እኔ ዕድሜዬ አልፎ ስለነበር በቤት ለቤት ጀመርኩ፣ ከዚያ አዛውንቶችን ቤታቸው ሄዶ የመርዳት ቋሚ ሥራ አገኘሁ። አሁን እየሠራሁ ለነርስ ትምህርት ቤቱ እየተዘጋጀሁ ነው።

ስለ ወረቀት ደግሞ አንድ ነገር። የልደት ካርዴ ላይ ቀኑ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። የተረጎመው ሰው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ ጻፈው። በፈረንሳይኛው ወረቀት ላይ ዕድሜዬ ስምንት ዓመት ጨምሮ ከፓስፖርቴ ጋር ተጣላ፣ እሱን ለማስተካከል ብቻ አራት ወር ሄደ። ስለዚህ አስተርጓሚው በመንግሥት የተፈቀደለት መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ ዓመተ ምሕረቱን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩት።

ባንክም አለ። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ቢኖር ግብር አሳውቅ ትላለች፣ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሕግ ደግሞ የውጭ ባንኮች የአሜሪካውያንን አካውንት እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ባንክ አሜሪካዊ ደንበኛ አይፈልግም። እኔን ሁለቱ መልሰውኛል። ያለ አካውንት ደግሞ ደሞዝ የለም። መፍትሔው የእምቢታውን ደብዳቤ በጽሑፍ ተቀብሎ ወደ ፈረንሳይ ማዕከላዊ ባንክ፣ ወደ ባንክ ደ ፍራንስ መውሰድ ነው፣ እነሱ አካውንት የሚከፍት ባንክ ይመድባሉ። መብት ነው፣ እኔም ያገኘሁት በዚያ ነው።

ደሞዙንም ልናገር፣ ቤተሰብ በአሜሪካ ሒሳብ ስለሚያሰላ። ከኅዳር 2024 እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የፈረንሳይ ዝቅተኛ ደሞዝ በሳምንት 35 ሰዓት ለሚሠራ በወር 1801 ዩሮ ከ80 ሳንቲም ነበር። ተቀናሹ ሲወጣ 1426 ዩሮ ገደማ ይቀር ነበር። ከዚያ ላይ ኪራይ አለ። ቨርጂኒያ የማገኘውን ያህል አላገኝም። በሌላ በኩል በዓመት አምስት ሳምንት ከደሞዝ ጋር እረፍት አለኝ፣ ይኸው ደሴ ቁጭ ብዬ ከእናቴ ጋር ቡና የምጠጣው በእሱ ነው። ቨርጂኒያ እያለሁ ስድስት ዓመት ሙሉ አልመጣሁም ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ፣ አባቴ። የልጅዎ ብራስልስ ከሊዮን ይለያል። እዚያ ፈረንሳይኛና ደች ሁለቱም የሥራ ቋንቋ ናቸው፣ ብዙ ቀጣሪ ሁለቱንም ይጠይቃል። የሥራ ፈቃዱን ቀጣሪው የሚያመለክተው ለክልሉ ነው፣ የብራስልስ ለብቻው፣ የዋሎንያ ለብቻው፣ የፍላንደርስ ለብቻው። የአውሮፓ ኅብረት መሥሪያ ቤቶች በአብዛኛው የሚቀጥሩት የአባል አገራትን ዜጋ ነው። ኔቶ ግን ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ብራስልስ ነው፣ አሜሪካም አባል ስለሆነች ልጅዎ ማመልከት ይችላል፣ የሥራ ቋንቋዎቹም እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ናቸው። ይንገሩት።

ፈረንሳይኛው ራሱ እንደሚያስፈራው አይደለም። ሾፌር፣ ጋራዥ፣ ቢሮ፣ ቡቲክ፣ ለገሃር፣ እነዚህን እኮ ሳናውቀው ስንናገር ኖረናል። ነፍሱን ይማረውና አጎቴ ከኮምቦልቻ በባቲ በሚሌ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይደርስ ጅቡቲ ወደብ ላይ በፈረንሳይኛ ተከራክሮ ጭነቱን ያስጭን ነበር። ልጅዎም ትኬት ከመቁረጡ በፊት አሜሪካ እያለ ስድስት ወር ቢማር፣ እዚያ ሲደርስ ዓመት ያተርፋል።

የጣሪያውን ሥራ ለሚቀጥለው ዓመት ያሸጋግሩት። ዛሬ ማታ ሲደውሉለት ሥራ ጀመርክ ወይ ብለው አይጠይቁት። ቀጣሪው ለክልሉ አመለከተልህ ወይ? የረጅም ጊዜ ቪዛው ፓስፖርትህ ላይ ተለጥፏል ወይ? ብለው ይጠይቁት። ገና ነው ካለዎት፣ አብሽር ይበሉት።

አንዲት አንባቢያችሁ፣
ከደሴ፣ ሙጋድ